እስትንፋስ እስከ ድልድዩ

ሴፕቴምበር 14

አባባ ትናንት ጠዋት ቦዩ ዳር ወደቀ። ጎመን እያጠበ ነበር። ጎመኑን ውሃው ወስዶት ሦስት ቤት አልፎ ሉ ደጃፍ ላይ ተገኘ። ሉ በእንግዳ ማረፊያችን ወጥ ቤት የምታግዘኝ ጎረቤቴ ናት፤ ጎመኑን አይታ ሽቅብ የሮጠችው እሷ ነች። እኔ ፎቅ ላይ የእንግዳ አንሶላ እየቀየርኩ ነበር። ምንም አልሰማሁም። "ጎመኑ ነው የነገረኝ" ትላለች ላገኘችው ሁሉ። ዛሬ ብቻ አምስት ጊዜ ስትል ሰማኋት።

ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል፣ ሳንባውም ውሃ ቋጥሯል አለ። "ምን ያህል ጊዜ አለው?" አልኩት። "ሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወርም" አለና ስልኩን አየ።

ማታ አጎቴ ዴሹን መጡ። የአባባ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በሺታን መንደር የሞት ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

"ሱዪን፣ ቀኑን እንዳትስቺው።"

"ገና ነው አጎቴ።"

"ሁሉም ገና ነው ይላል። እስትንፋሱ እያለ ድልድዩን ይሻገር። ከተሻገረ በኋላ የፈለገውን ያህል ይቆይ፤ ያኔ አልጨቀጭቅሽም።"

ውጭ የሞተ ሰው ወደ መንደሩ የሚያስገባውን ድልድይ አይሻገርም። ሀብታምም ሆነ ሹም አይሻገርም። እናቴ የሞተችው ሆስፒታል ነበር። ሦስት ቀን ከድልድዩ ወዲያ፣ በሸራ ሥር፣ በዝናብ ቆየች። አባባ አጠገቧ ተቀምጦ ሸራው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በእንጨት እየገፋ ያፈስ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ራሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፦ "እኔን በቤታችን አዳራሽ።"


ሴፕቴምበር 18

ሆስፒታል ዋልኩ። መንገዱ አንድ ሰዓት ከሃያ ይፈጃል።

አልጋው ላይ ትንሽ ሆኗል። ሠላሳ ዓመት በተራራው ደረጃ ሩዝና የጋዝ ሲሊንደር፣ አንዴም ሙሉ የመታጠቢያ ገንዳ ተሸክሞ ላይ ላሉት ሆቴሎች ያደረሰ ሰው። ቀኝ ትከሻው ላይ የመሸከሚያው እንጨት ያረፈበት ቦታ እንደ እንቁላል አብጦ ቀርቷል። ነርሷ ዕጢ መስሏት ሐኪም ጠርታ ነበር። አባባ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም ቶሎ አልቆመም።

"ቤት እንግዳ አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"ለኦክቶበሩ የሰባት ቀን በዓልስ?"

"ስምንቱም ክፍል ተይዟል።"

"ጥሩ ነው።" አንሶላውን ወደ ደረቱ ስቦ፣ "አዳራሹም ሞልቷል ማለት ነው" አለ።

"ጠዋት ጠዋት ይበሉበታል እንግዲህ።"

"ይብሉ።"

ጣሪያውን አየ። ሊጠይቀኝ የፈለገውን አልጠየቀኝም። ማንዳሪን ላጥኩለት። ሁለት ፍሬ በላ፣ ሌላውን "ለመንገድሽ" ብሎ መለሰልኝ።


ሴፕቴምበር 22

ፀሐይ ሳትወጣ የቦዩ ውሃ ለመጠጥ ነው፤ ቀጥሎ ለአትክልት፣ ልብስ ከረፋዱ በኋላ። ዛሬ በልብሱ ሰዓት ከግንቡ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልጽፈውም።

"አዳራሹን ለሻንጣ፣ አባቷን ለብረት አልጋ።"

ሉ መለሰችላት፦ "በይ አፍሽንም እዚሁ እጠቢው፣ የእድፍ ሰዓት ነው።"

ሳቁ። ሉ ግን እንደዚያ አይደለም አላለቻትም።


ሴፕቴምበር 26

ጂንሩ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ኒንግቦ፣ መርከብ የሚጠገንበት ይሠራል። በዓሉ እስኪያልቅ ፈቃድ የለውም።

"አጎቴን አትስሚ። ለእሳቸው ቢሆን ሁላችንንም ዛሬውኑ ሳንቃ ላይ ያጋድሙን ነበር። ቤት ኦክስጅን አለሽ?"

"የለኝም።"

"ነርስ አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው!"

ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ቀለለኝ። ጂንሩ ነው ያለው። ወንድ ልጁ ነው፣ ትምህርትም አለው። ማን እንዳለው እንዳልረሳ ነው የምጽፈው፦ ጂንሩ ነው ያለው።


ሴፕቴምበር 28

ከሰዓት በኋላ። ዝናብ። በጣሪያው ክፍት ወደ አዳራሹ ገንዳ ይወርዳል፤ እንግዶቹ ከበው ስልካቸውን ደቅነዋል። ያ ገንዳ ዳር አባባ እግሩን ይታጠብበት ነበር፤ ደረጃ ወርዶ ሲመጣ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ።

ነገሩን በሥርዓት ላስበው። ሊሞት የተቃረበ ሰው የሚተኛው አዳራሹ ውስጥ፣ የአባቶች ስም ካለበት ግድግዳ ሥር፣ በበር ሳንቃ ላይ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ስድስት ጠረጴዛ አለኝ። ስድስቱን የት ላድርጋቸው? ግቢ የለንም። ሰው ሩዝ ገንፎውን እየበላ አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ሲያጣጥር ሊያይ ነው? ሕፃናትም አሉ። እሱስ? ሲቃትት የማያውቀው ሰው ሁሉ ሊያየው ነው? እኔ የማስበው ስለ እሱ ክብር ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እንግዳ ቆጥ ላይ የአባባን የሬሳ ሣጥን አየች። በስልሳ ዓመቱ ያሠራው ነው፤ በየመከሩ ራሱ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ኮከብ ሰጥታን ሄደች፦ "ከሬሳ ሣጥን ሥር አስተኙን።" ሁለት ወር ሙሉ ሰው ጠፋ። አባባን "ወደ አጎቴ መጋዘን እናውጣው?" አልኩት። "የእኔ ሣጥን ምን አደረጋቸው?" አለ፣ በእውነት ግራ ገብቶት። ከዚያ ራሱ በአንድ ጫፍ አንሥቶ አወጣው። ግራ ትከሻው ላይ አድርጎ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቱ ውስጥ ጫማውን አውልቆ ነው የሚሄደው። እንግዳ እንዳይቀሰቅስ ብዬ አስብ ነበር።


ኦክቶበር 1

ሃያ አንድ እንግዳ። የሙቅ ውሃ ማሞቂያው ተበላሽቷል። የአኩሪ አተሩ ቶፉ አለቀ። ሆስፒታል ነገ።


ኦክቶበር 2

ሆስፒታል ነገ።


ኦክቶበር 3

መምህርት ቺዩ የሚባሉ ጡረተኛ ከናንጂንግ መጥተዋል። ብቻቸውን። የሥዕል መምህር ነበሩ፣ ጉልበታቸው ታሟል። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አይተው "ይህ እንጨት የተሸከመው ማን ነው?" አሉኝ።

"አባቴ ነው።"

"አለ?"

"ዘመድ ጥየቃ ሄዷል።"

አፌ እንዴት ፈጥኖ እንደ መለሰ።


ኦክቶበር 4

ነርሷ ደወለች። "ምግብ አቁሟል። በሩን ነው የሚያየው። የሚገባ ሰው ሁሉ እርስዎ ይመስሉታል።"

አጎቴ ከስልኩ ጋር እኩል ደረሱ። ማን እንደሚነግራቸው አላውቅም።

"ነገ እናምጣው።"

"ወሩ ስምንት ሲሆን፣ አጎቴ። በሰባት በዓሉ ያልቃል፣ በስምንት ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነው። በራሴ እጅ አጸዳዋለሁ።"

"ሞት ክፍል ተከራይቶ ነው እንዴ የሚመጣው፣ ቀኑን የምትነግሪው?"

"ጂንሩም ይቆይ ብሏል።"

"ጂንሩ ኒንግቦ ነው። አንቺ ነሽ ያለሽው።"

ድምፃቸው ከፍ ሲል ወደ ደረጃው አየሁ። እንግዶቹ ይሰማሉ ብዬ። ማየቴን አጎቴ አዩ። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አራት ቀን ነው። አራት ቀን ምንድን ነው? ሐኪሙ ሁለት ወር ብሏል። ሁለት ሳምንትም ብሏል። ሁለቱንም ብሏል።


ኦክቶበር 5

የመምህርት ቺዩ አስጎብኚ በሌሊት ሳይመጣ ቀረባቸው። "በቃ፣ አልታደልኩም" ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። "እኔ እወስድዎታለሁ" አልኩ። ሉ የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ አየችኝ።

"ዛሬ?"

"ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል።"

"ተራራውን ከዚህም ታይዋለሽ፣ ያውልሽ" አለች በጣቷ እያሳየችኝ።

ለምን እንደ ሄድኩ ራሴን መንገድ ሙሉ ጠየቅሁ። ለእንግዳ ብዬ ነው። መምህርቷ ያሳዝናሉ።

በሽቦ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው ለሚያወጣው ኬብል ካር ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰለፍን። ላይ ስንደርስ ደመናው ከታች ነበር፤ ጫፎቹ ብቻ ብቅ ብቅ ብለዋል፣ ጥዱ ከድንጋዩ ስንጥቅ በአግድም ወጥቶ አየሩ ላይ ተንጋሏል። መምህርት ቺዩ ብረቱን ይዘው አለቀሱ። "አንቺማ በየቀኑ ታይዋለሽ" አሉኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። አልነገርኳቸውም። ቆንጆ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፦ ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል አባቴን አላሰብኩትም።

ደረጃው ላይ "ጀርባ! ጀርባ!" የሚል ጩኸት ከታች መጣ። ሰው ወደ ግንቡ ተጣበቀ። አንድ አሮጌ ተሸካሚ፣ ሁለት ከረጢት ሩዝ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ። አጠገቤ ሲደርስ እንጨቱን በምርኩዙ ላይ አሳርፎ ተነፈሰ። አየኝ።

"የባኦ ልጅ አይደለሽም? ያ አሮጌ በቅሎ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ቤት ነው ያለው?"

"ቤት ነው።"

"ቤት ከሆነ ጥሩ ነው። እኔማ አንድ ቀን እዚሁ ደረጃ ላይ እቀራለሁ፣ ከዚያ ማን ያስገባኛል?" ሳቀ። "መጥቼ ሻይ እጠጣለሁ ብሏል በይው።" እንጨቱን አንሥቶ ሄደ። መምህርት ቺዩ ከኋላዬ ነበሩ። ዘመድ ጥየቃ ያልኩትን፣ ቤት ነው ያልኩትን፣ ሁለቱንም ሰምተዋል። ክንዴን ያዙኝ፣ ጉልበታቸውን ያመማቸው መሰለኝ።

ላይ ኔትወርክ የለም። ታች ስንደርስ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አልቆመም። አራት ከሆስፒታል። ስድስት ከአጎቴ። አንድ ከሉ።


ኦክቶበር 6

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሌሊቱን አጠገቡ ነበርኩ። አይኑን አልገለጠም። ጠዋት ሐኪሙ፣ "የመተንፈሻ ማሽኑን ካነሣን ብዙ አይቆይም፤ ቤት ይድረስ የምትሉ ከሆነ አሁን ነው" አለ። አምቡላንስ። በእጅ የሚጨመቅ የአየር ከረጢት፣ አንዲት ወጣት ነርስ። አራት ሰዓት ላይ ተነሣን።

መንገዱ ዝግ ነበር። የበዓል መኪና። ሻንጋይ፣ ሃንግዡ፣ ናንጂንግ፣ የሁሉም ከተማ ታርጋ፤ ሁሉም ወደ እኛ መንደር ነው የሚሄደው። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ፣ ማን የት ይሂድ? ፊታችን ባለው መኪና የኋላ መስታወት ላይ የአንድ ሕፃን እግር ተደግፎ ነበር፣ ካልሲው አረንጓዴ። ሁለት ሰዓት ያህል ያን እግር አየሁ።

ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት፣ ለድልድዩ አራት ኪሎ ሜትር ሲቀረን፣ ፈጽሞ ቆምን። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነርሷ አንገቱን በጣቷ ነካች። ደግማ ነካች። እጇን አቆመች።

"እህቴ" አለች።

"እጅሽ ደክሟል" አልኳት። "ለእኔ ስጪኝ።"

"እህቴ፣ እሳቸው…"

"ስጪኝ አልኩሽ።"

ሰጠችኝ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ እስከ ድልድዩ የጨመቅኩት እኔ ነኝ። ደረቱ ይነሣ ነበር። በጨመቅኩ ቁጥር ይነሣ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እየተነፈሰ ነበር።

መኪና ወደ መንደር አይገባም። አራት ሰው ቃሬዛውን ያዘ፣ እኔ በጎን ከረጢቱን ይዤ። አጎቴ ድልድዩ መሃል ቆመዋል። ከኋላቸው ጎብኚው፣ ጃንጥላው፣ ስልኩ።

"እስትንፋስ አለው?"

"አለው።"

ቀረቡ። "አንዴ እጅሽን አቁሚ" አሉኝ በጆሮዬ። አቆምኩ። ሁለት ጣታቸውን ከጭምብሉ ሥር አስገቡ። የእናቴን እስትንፋስ የፈተሹትም እነዚሁ ጣቶች ነበሩ። ጣታቸው እዚያ ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ ከሥራችን ውሃው ይሰማል። የአባባን ፀጉር ከግንባሩ ላይ መለሱት። ከዚያ ቀና ብለው ጮኹ፦

"እስትንፋስ አለው! መንገድ ልቀቁ! ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እስትንፋስ አለው!"

ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ስድስቱ ጠረጴዛ ቦዩ ዳር ተደርድሯል፣ ወንበሮቹ በላያቸው። ሳንቃው ከግድግዳው ሥር ተዘርግቷል፣ ንጹሕ አንሶላ ለብሷል። እኔ ለማንም አልደወልኩም ነበር። ሉ ናት ለእንግዶቹ የነገረቻቸው፤ ያወጡት እነሱ ናቸው። የአረንጓዴ ካልሲው ዓይነት ልጅ ያላቸው ሁሉ ልጃቸውን አቅፈው ውጭ ቆመዋል። መምህርት ቺዩ በዚያ ጉልበታቸው የመጨረሻዋን በርጩማ ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኘን።

"ልጄ፣ ለምን አልነገርሽንም? ደጅ እንበላ ነበር እኮ።"

ከረጢቱን እየጨመቅኩ አለፍኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አጎቴ ጭምብሉን አነሡ። "አሁን" አሉ። ለቅሶው ተጀመረ።


ኦክቶበር 7

ሉን ጠረጴዛዎቹን ለማውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀባቸው ጠየቅኋት።

"ምን አውቄ። ጥጄው የወጣሁት ሩዝ ሳይገነፍል ተመለስኩ።"

እየደጋገምኩ እጠይቃታለሁ መሰለኝ። ማታ "ሱዪን፣ ተዪው" አለችኝ።


ኦክቶበር 9

ዛሬ ተቀበረ። ጂንሩ መጥቷል። ከኋላዬ ሆኖ ለአንድ ጎረቤት፣ "እህቴ ጠንካራ ናት፣ በቤቱ እንዲሞት አደረገችው" ሲል ሰማሁት። ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።


ኦክቶበር 11

ጂንሩ ብሩሽ ይዞ የቤተሰቡን መዝገብ ከፈተ። የአባባ ስም ከእናቴ ስም ጎን ነው። በእናቴ ሥር "በውጭ" ተብሎ ተጽፏል።

"ሰዓቱን ንገሪኝ፣ እህቴ።"

አፌን ከፈትኩ። ሰባት ሰዓት ከአርባ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አጎቴ ከጥግ ሆነው ቀደሙኝ።

"ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። በአዳራሹ። ጻፍ።"

ጂንሩ ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ ሦስታችንም አየነው። ጂንሩ ከወጣ በኋላ የአጎቴ ጣት ከእናቴ ስም ሥር፣ ከዚያች ቃል አጠገብ ቀረ።

"ያን ጊዜ እውነቱን ነው የተናገርኩት" አሉ። "ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመት በቀና ዓይን አላየኝም።"

መዝገቡን ዘጉት።


ኦክቶበር 12

ሰባተኛ ቀኑ ነው። የሞተው ዛሬ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚወደው ምግብ አዳራሹ ላይ ይቀርባል፣ በሩ ይከፈታል፣ ቤተሰቡ እንዳያስደነግጠው ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል። ሉ ከጠዋት ጀምሮ የቀርከሃ ቡቃያ በሥጋ እየሠራች ነው። ጂንሩ ደጃፉ ላይ አመድ ነሰነሰ፣ ዱካውን ለማየት።

እኔ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ከቤት የወጣ ነው። እሱ ከየት ነው የሚመለሰው?

"ክብሪት ልገዛ ነው" ብዬ ሊሆን ይችላል፣ ምን ብዬ እንደ ወጣሁ አላስታውስም። አራቱን ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄድኩ። በዓሉ አልፏል፣ መንገዱ ባዶ ነው። ነዳጅ ማደያው ጋ አንድ ሠራተኛ ወለሉን በውሃ ያጥባል። ቦታውን አወቅኩት፤ ከምልክቱ ፊት ለፊት፣ ከፍሳሹ ክዳን አጠገብ። ቆምኩ። ማንም ወደኔ አላየም። ቢያይም ግድ አልነበረኝም።

"አባባ" አልኩ። "እዚህ ነበርክ። አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቄ ነበር።"

የጭነት መኪና አለፈ።

"ተነሥ፣ ቤት እንሂድ። አዳራሹ ባዶ ነው።"

ቀስ ብዬ ተራመድኩ። በጎኔ ቦታ ለቅቄ፣ በአስፋልቱ ዳር በኩል እኔ ሆኜ፣ እሱ በሣሩ በኩል። መንገዱ በሚታጠፍበት ሁሉ ድምፄን አውጥቼ ነገርኩት፦ እዚህ ጋ እንታጠፋለን፣ እዚህ ዳገት ናት፣ ይህ የሻዩ ማሳ ነው፣ አሁን የአምናው ጎርፍ የበላውን አልፈናል። ሁለት ጊዜ ቆምኩ፣ ይደክመዋል ብዬ። አንዲት ሴት በብስክሌት አልፋኝ ዞራ አየችኝ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ አጎቴ በወዲያኛው ጫፍ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ከየት እንደምመጣ አልጠየቁኝም። ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ከእኔ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ አዩ፣ ቀስ ብለው ተነሡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ድልድይ ነው፣ አባባ" አልኩ። "ተሻገር።"

አጎቴ ዞረው አብረውን መሄድ ጀመሩ። እሳቸው በዚያኛው ጎን፣ እኔ በዚህኛው፤ መሃላችን አንድ ሰው የሚያስኬድ ቦታ ትተን።